የዴንዚል ቀብር ኦርጋን ተጫዋች

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9

ዝናብ። ቆሻሻ አወጣሁ። ዳቦ፣ ወተት፣ የድመቷ ምግብ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቄሱ ያዙኝ። የቅዱስ ኦስዋልድ ኦርጋን ተጫዋች ጓዙን ጠቅልሎ እስፔን ልጁ ጋ ሄዷል አሉ። ሠላሳ ዓመት የተጫወተ ሰው... እንዲህ በአንድ ሳምንት።

«ሮዌና፣ እርስዎ ፒያኖ ይችሉ የለ?»

«ድሮ።»

«ያው ነው እኮ።»

ያው አይደለም። ግን ዝናቡ በአንገቴ ይገባ ነበር፤ ለመገላገል ብዬ እሺ አልኩ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝም እምቢ ማለት አልለመድኩም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 14

ሦስት መዝሙር፣ በእጅ ብቻ። ሁለተኛው ላይ ቀኝ እግሬ ከታች ከተደረደሩት የእግር ቁልፎች አንዱን ረገጠ። ጥጃዋ እንደ ጠፋባት ላም ያለ ድምፅ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። እኔም አብሬ ዞርኩ፣ ሌላ ሰው ያደረገው ይመስል።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ስለ አንድ ሳጥን አጫወቱኝ። ቁጥር ሲጫኑት መዝሙሩን ራሱ ይጫወታል። ጎረቤት ደብሮች ገዝተዋል። «እስከ ፋሲካ ይመጣልናል፤ እስከዚያ ብቻ ይታገሱን» አሉ።

እኔ ነኝ እነሱን የምታገሰው?

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20

ቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ ያየሁት ማስታወቂያ፦ «የአካባቢው የኦርጋን ተጫዋቾች ማኅበር። ከጀማሪ እስከ ባለሙያ ሁሉም ይመጣል።» በወር አንዴ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገናኙና ተራ በተራ ይጫወታሉ። ሄድኩ። ድመቷ ጋ ተቀምጬ ከመዋል ይሻላል ብዬ።

አሥራ አራት ሰው። አብዛኛው ሽበታም። ብርዱ ስለሚያንዘፈዝፍ ካፖርቱን ያወለቀ የለም። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ኤልስዊክ ይባላሉ። በትልቁ ደብር ሃምሳ ዓመት ተጫውተዋል። ቁመታቸው ከኦርጋኑ አግዳሚ እምብዛም አይበልጥም። ተቀምጠው ሲጀምሩ ግን ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጨርሰው ዞሩ።

«ተረኛው ማነው? አንቺ፣ አዲሷ።»

«እኔ በእግሬ አልችልም።»

«እዚህ ድረስ በምንሽ መጣሽ ታዲያ?»

ቦቲዬን አስወለቁኝ። የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ከጎኔ የነበረች ወፍራም የገበሬ ሚስት ሳቋ አመለጣት። ማቪስ ትባላለች፤ በመንደሯ ጸሎት ቤት ትጫወታለች።

«አይዞሽ እቴ፣ እኔ አርባ ዓመት ስጫወት ከታች ያለውን ነክቼው አላውቅም። እግዜርም አንድ ቀን ቅር አላለው።»

«ተስፋ ቆርጦብሽ ነው» አሏት ሚስተር ኤልስዊክ።

አንድ ስንኝ ተጫወትኩ። አራት ቦታ ተሳሳትኩ። ያጨበጨበ የለም፣ ያዘነልኝም የለም። ብስኩት ሰጡኝ፤ ቀጣዩ ሰው ተቀመጠ። ይህን ወደድኩት።

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 3

በየረቡዑ ከሰዓት ሚስተር ኤልስዊክ ያስተምሩኛል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ኖታውን አያዩም። ስሕተቱን ግን ከበር ላይ ሆነው ይሰሙታል።

«ወደ ታች አትመልከቺ። ደረጃ ስትወርጂ እግርሽን እያየሽ ነው?»

«አዎ።»

«በይ ከደረጃው እንጀምራለን።»

ፒያኖ ለምን እንደተውኩ ጠየቁኝ። «ቦታ አልነበረም» አልኩ። እውነት ነው... ከፊሉ።

ቀሪውን እዚህ ልጻፈው። አርባ ዓመቴ ነበር። እናቴ ታማ ሦስት ቀን አድሬ ስመለስ ፒያኖዬ የለም። በቦታው የቢሊያርድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ዴንዚል፣ የዛኔው ባሌ፣ ከመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጋር ተለዋውጦት። «አትጫወቺውም እኮ» አለኝ። በየቀኑ ነበር የምጫወተው። እሱ ሲወጣ።

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 15

ዴንዚል ሞተ።

ብሪዮኒ ደወለች፣ እኔን ትቶ ያገባት። መኪናውን እያጠበ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ከተለያየን ሃያ ሁለት ዓመት። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ፋርማሲ ተሰልፈን ነው፤ ስለ ጉልበቱ አወራኝ። ነፍሱን ይማር።

ሻይ አፈላሁ። ጠጣሁ። ኩባያውን አጠብኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

ሰኞ፣ ፌብሯሪ 19

ብሪዮኒ መጣች። ቤቴ ስትገባ የመጀመሪያዋ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አርጅታለች። እኔስ?

«ቅዱስ ኦስዋልድ ነው የተጠመቀው። ከዚያው ሸኙኝ ብሏል። መዝሙሮቹንም በወረቀት ጽፏቸዋል። በኦርጋን ይሁን ብሎ ከሥሩ አስምሮበታል።»

«ሚስተር ኤልስዊክን ጠይቂያቸው።»

«ቀብሩ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው፤ እሳቸው የዚያኑ ቀን ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ሌሎቹም ባለሙያዎች ቃል የገቡበት አለ። ቄሱ... ያለችው ሮዌና ናት አሉኝ።» ጓንቷን ታጣምማለች። «ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ካልሆነ ያንን ራሱ የሚጫወተውን ሳጥን ከጎረቤት ደብር ይዋሱልናል።»

«እጫወታለሁ።»

ከአፌ አመለጠኝ። ለምን? ለእሱ? ለእሷ? ሳጥኑን እልህ ይዤው? እሷ ከሄደች በኋላ ግማሽ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የማዝን መስሎኝ ጠበቅኩ። እግሬ በረደኝ እንጂ ሌላ የመጣ ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 22

ለማቪስ ሟቹ ማን እንደሆነ ነገርኳት። የፒያኖውንም።

«አንቺ ሴት፣ ጤነኛ ነሽ? ለእሱ? እኔ ብሆን ድመቴን ኦርጋኑ ላይ እለቅበት ነበር!»

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ...»

«አንቺ አትውቀሺ፣ እኔ ልውቀስልሽ። ስሚ፣ ከከበደሽ እኔ ልጫወት። በእጄም ቢሆን ይቀበራል።»

እውነቷን ነው፣ ትችላለች። የመዝሙሮቹን ወረቀት ብሰጣት ያልቅ ነበር። አልሰጠኋትም። ቤት ገብቼ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር በእግሬ ስለማመድ ድመቷ ሸሸች።

ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 27

ከማኅበሩ ሰባት ሰው ለእኔ ልምምድ መጣ። ማንም አልጠራቸውም፤ ማቪስ ናት። ከፊት አንድ ወንበር አኖሩና ሚስተር ኤልስዊክ ሬሳው በሚያርፍበት ቦታ ተቀመጡ።

«እኔ ሟቹ ነኝ። ጀምሪ።»

ዘመሩ። አጎተቱት፣ ሆን ብለው። እኔም አብሬ አጎተትኩ።

«ቁሚ!» አሉ ሟቹ። «ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«እነሱን።»

«ኀዘንተኛ ይጎተታል፣ ወጉ ነው። አንቺም ከተጎተትሽ ሁላችንም አብረን መቀበራችን ነው። እግርሽን አሳርፊ፤ መሬቱ አንቺ ነሽ።»

አምስት ጊዜ ደገምነው። በአምስተኛው ሟቹ «ቁሚ» አላሉም። እንቅልፍ ወሰዳቸው ብለን ሄደን ብናይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

ዓርብ፣ ማርች 1

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ ሳይደባለቅብኝ።

እንደ ነጋ ሄድኩ። የኦርጋኑ ክፍል በረዶ ነው፤ ጣቴን ብብቴ ውስጥ አሞቅኩ። ኦርጋን ተጫዋች ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ ስለሚቀመጥ ከፊቴ ትንሽ መስታወት ተሰቅላለች። በእሷ ነው የማየው። ሬሳ ሣጥኑ ሲገባ አየሁት፣ አንድ መዳፍ አክሎ። ዴንዚል ያን ያህል ትንሽ ሆኖ አያውቅም።

የመግቢያው ዜማ ደህና ሄደ። የመጀመሪያው መዝሙርም። እግሬ ሁለቴ ሳተ፤ ማንም አልዞረም። ቄሱ ሰበኩ። ለጋስ ነበር አሉ። የሰው ንብረት ሳይቀር ይሰጥ ነበር፣ አልኩ በልቤ። ሳቄ መጥቶ አፌን በኖታው ሸፈንኩ።

ሁለተኛው መዝሙር አምስት ስንኝ ነው፤ ቃሉ ይለዋወጣል እንጂ ዜማው ያው አምስቴ ይደገማል። አራተኛው ላይ መስታወቷን አየሁ። ብሪዮኒ ቆማለች። አትዘምርም። ሬሳ ሣጥኑንም አታይም። እኔን ነው የምታየው፣ ጀርባዬን። ምን ብላ? አላውቅም። ቁጥሩ ጠፋብኝ። አራተኛውን እንደ መጨረሻ አሳርፌ እጄን አነሳሁ።

ጸጥ።

ሰዉ ለአምስተኛው ትንፋሹን ስቦ ቀርቷል። ሰማሁት... ሰማንያ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማል። ጆሮዬ ጋለ። እጄ ቁልፎቹ ላይ ተመልሶ አይወርድም። ሳጥን ቢሆን አይሳሳትም፣ ብዬ አሰብኩ። ይኸው፣ በቀብሩም ላይ አሳቀብኝ።

ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ የሴት ድምፅ ብቻውን አምስተኛውን ጀመረ። ሻካራ፣ ላም የመጥራት ድምፅ። ማቪስ። ከዚያ አንድ ወንድ። ከዚያ ሌሎች። በመስታወቷ አየኋቸው፣ ስድስት ሆነው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ አንዳቸውም ዴንዚልን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ሰዉም ተከተላቸው።

እኔ በእጄ አልገባሁም። በእግሬ ገባሁ። ከታች፣ አንድ ረጅም ድምፅ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ወደ ታች አላየሁም። እጄ በኋላ ደረሰ። ዜማውን ሳብኩ፣ መጡ።

አላለቀስኩም። ለምን አላለቀስሽም ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ሁሉም ሲወጣ ብሪዮኒ ወደ እኔ መጣች። ጫማዬን አጠልቃለሁ።

«ስለ ስንኙ ይቅርታ» አልኳት።

«የቱ ስንኝ?» እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ፦ «ዴንዚል ሮዌና ጆሮ የላትም፣ ሙዚቃ አይገባትም ይለኝ ነበር።»

«እንደዛ ይል ነበር?»

«የስፌት መኪናዬን ለሰው የሰጠብኝ ቀንም እጅ የለሽም አለኝ።»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ኋላ እኔ። ሬሳው ገና በር ላይ፣ ሁለት ሚስቶቹ ኦርጋን ሥር... ቄሱ አንገታቸውን አስገብተው የምናለቅስ መስሏቸው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉልን።

ቅዳሜ፣ ማርች 2

ሚስተር ኤልስዊክን ሆስፒታል ጠየቅኳቸው። አንድ ዓይናቸው ታሽጓል። ማቪስ ቀድማኝ ነግራቸዋለች።

«አራት ስንኝ ብቻ አሉ?»

«አዎ።»

«እኔ አንዴ ለሰርግ ስድስት ተጫውቻለሁ። መዝሙሩ አምስት ነበር። ሙሽሪት እስከ ዛሬ አታናግረኝም።» ብርቱካን ላጥኩላቸው። ብርቱካኗን ከበሉ በኋላ፦ «ረቡዕ እንዳትቀሪ።»

ሐሙስ፣ ማርች 14

ቄሱ የሳጥኑ ግዢ ለጊዜው ይቆይ አሉ። ምክንያቱን አልነገሩኝም። አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ብሪዮኒ መጣች። ካፖርቷን አወለቀች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየች። ስለ ዴንዚል ያወራነው ጥቂት ነው።

እሑድ፣ ሜይ 12

ማቪስ ከትራክተር ስትወርድ የእጇን አንጓ ሰበረች። ትናንት ደወለች። «ጸሎት ቤቱን ያዢልኝ። ኦርጋኑ ክፉ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ያስነጥሰዋል።»

ብቻዬን ነዳሁ። ጭጋግ። በጎቹ መንገዱን ዘግተው አሥር ደቂቃ አቆሙኝ። መንደሩን አላውቀው፣ ኦርጋኑን አላውቀው፣ ሰዉን አላውቀው። በሩ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ መዝሙር መጽሐፍ ያድላሉ። አንዱን ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉና አዩኝ።

«ከየት ነሽ የኔ እመቤት? እንግዳ ነሽ?»

ጠዋት ስነሳ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። በማቪስ ፈንታ ነው፣ ገና ጀማሪ ነኝ፣ አንዳንዴ እሳሳታለሁ፣ አስቀድሜ ይቅርታ...

«ኦርጋን ተጫዋቿ ነኝ» አልኳቸው። አሳለፉኝ።