ከፍ ሲሉ የሚዋጥ ክኒን

ለውድ ወንድሜ ለጋሽ አብዮት ጣሰው፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አንተ፣ እትዬ ሠናይትና ትንሿ ሃሌሉያ እንዴት ከርማችኋል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ብየዳው ዓይኔን አቃጠለኝ ብለህ ነበር፤ ተሻለህ? መነጽሩንስ ገዛህ ወይስ ዛሬ ነገ እያልክ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

አባባ ደም ብዛት እንዳለባቸውና ክኒን እንደታዘዘላቸው በኅዳር ጽፌልህ ነበር። እማዬ «ብልቃጡን በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው» ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤታችን ጋሽ ተድላ እየሮጡ መጥተው፣ አባታችሁ ቀረሮው ዛፍ ላይ ቀርተዋል አሉን። ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው መሃል ላይ ሲደርሱ አዞራቸው፤ ግንዱን አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀሩ። ሰዎች ወጥተው በገመድ አስረው እስኪያወርዷቸው ድረስ ከሥር ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። መሬት እንደነኩ መጀመሪያ ያሉት ምን መሰለህ? «ክኒኑን ውጫለሁ እኮ! ምን ነካኝ?»

ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። ብልቃጡን ብናየው ከግማሽ በላይ አለ። ለካ የጤና ጣቢያው ነርስ «ግፊቱ ከፍ እንዳይል ሳያቋርጡ ይዋጡ» ሲላቸው፣ የአባባ ጆሮ የያዘው «ከፍ» የሚለውን ብቻ ነው፤ «ይዋጡ»ንም «ይውጡ» ብሎ ሰምቶታል! ዛፍ ለሚወጣ ሰው የሚሰጥ መድኃኒት መስሏቸው፣ በሚወጡበት ቀን ብቻ ከዛፉ ሥር ቆመው አንዷን ይውጣሉ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አለቀስኩ። ጥፋቱ የነርሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። በቋንቋችን በካፊኖኖ ላስረዳቸው አብሬ ሄጄ፣ ከሥራ እንዳልቀር ብዬ ነርሱ ሳይጨርስ ትቻቸው ሮጥኩ። ይህን ከአንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን በየጠዋቱ እኔው አስውጣቸዋለሁ። ዛፉን ተዉ ማለት ግን አልተቻለም። ነርሱም ደግሞ ከፍታ ላይ ካዞራቸው መትረፋቸውን እንጃ ብሏል። አንተ ለመስቀል በዓል በላክኸው ደብዳቤ «ኮቧችንን አደራ፣ ቀፎ ሳይሰቀልበት እንዳይከርም» ብለህ ነበር። ያ የጫካ ድርሻችን ባዶውን ከከረመ ሌላ ሰው እንደሚገባበት አልጠፋኝም፤ መስጋትህ እውነት ነው። አባባ ግን «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ብለው ያዙት። ሰው ቀጥረን እናሰቅል ብንላቸው፣ «በአባቴ ዛፍ ላይ ባዕድ አይወጣም፤ ወይ እኔ፣ ወይ ልጄ» አሉ። ዛሬ ጠዋትም ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲነሡ በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

ደብዳቤህን በካፊኖኖ እየመለስኩ የማነብላቸው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም። ዛሬ ግን ያንኑ የመስቀሉን ደብዳቤ አውጥቼ «አዲስ መጣ» አልኩና የሌለውን አነበብኩ። «አባባ፣ ዛፉን እንዳይነኩ፤ በየካቲት መጥቼ ቀፎውን እኔው እሰቅላለሁ» ብሏል አልኳቸው። ፊደል የማይለዩት አባታችን ወረቀቱን ተቀብለው ጽሑፉን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ገመዱን ከትከሻቸው አወረዱ። ስለዚህ ጋሼ፣ ሳታውቀው ቃል ገብተሃል። ስደበኝ፣ ተቆጣኝ፤ ብቻ ና።

እማዬ ሦስታችሁንም አገላብጣ ትስማችኋለች፤ ለሃሌሉያ ነጭ ማር ለይቼ አስቀምጫለሁ ብላለች። ጋሽ ተድላም ከነቤተሰባቸው ሰላም ብለውሃል። አባባ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ፦ «ቀፎዎቹን በጭስ አጥኜ አዘጋጅቼልሃለሁ። እስከ የካቲት መጨረሻ እጠብቅሃለሁ። ከቀረህ እኔው እወጣለሁ።»

እህትህ በዛወርቅ ጣሰው
ቦንጋ
ጥር 19 ቀን 1998 ዓ.ም.