ከፍሪጁ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ደረጃውን አሁንም እያረፍክ ትወጣለህ ወይስ መደገፍ ጀመርክ? እኔ ንዴቴን ካልቆጠርከው ደህና ነኝ።

ባለፈው ወር «መድኃኒቱ ሠራ፣ ጡንቻህ ነቃ» ብዬ ደውዬልህ ሁለታችንም አለቀስን። እሱን ርሳው። በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ከሰማሁ ስለሚያቅተኝ ነው።

እዚህ ላቦራቶሪ ከጭንህ ከተወሰደችው ቅንጣት ሥጋ በትንንሽ ሳህን ያሳደግነውን ጡንቻ የምንለካው በብርሃን ነው። ከሳህኑ ሥር መብራት እናበራለን፤ ጡንቻው ሲኮማተር የሚያልፈው ብርሃን ይወዛወዛል፣ መለኪያውም ውዝዋዜውን ወረቀት ላይ ይስላል። መድኃኒት የገባባቸውን ሳህኖች ሁልጊዜ የምንለካው ፍሪጁ አጠገብ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚቀመጠው እዚያ ነዋ። መድኃኒት ያልገባባቸውን መስኮቱ ጋ።

ሐሙስ ዕለት ተሳስቼ ውሃ ብቻ ያለበትን ሳህን ፍሪጁ አጠገብ ለካሁ። መለኪያው ወረቀት ላይ ውሃው ጡንቻ አውጥቶ ቁጭ አለ። ለካ የፍሪጁ ሞተር ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠው ኖሯል።

ሮጬ ለኃላፊያችን ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ውጤቱ ተልኳል። በሽተኞቹም መድኃኒቱን ለመሞከር በወሩ መጨረሻ ይፈርማሉ። አሁን ምን አመጣሽብኝ?»

«ፍሪጁን ነቅለን እንደገና እንለካ።»

«አንቺ ሳህንሽን እጠቢ፤ ማሰቡን ለእኛ ተዪው።»

ደሜ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት እነዚያን ሴሎች እንደ ልጅ እየመገብኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አንድ ቀን ጓንት አድርጎ አያውቅም። ለምሳ ሲወጣ ፍሪጁን ነቀልኩት። መድኃኒት የገባበት ያንተ ጡንቻ መስመሩ ቀጥ አለ፣ ምንም የለም። መድኃኒት ያልነካው ግን ትንሽ ትንሽ ይኮማተራል። ጠረጴዛ እየቀያየርኩ ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ያው ነው። መድኃኒታቸው ያለችህንም አቅም ነው የሚወስድብህ።

ስለዚህ ወረቀቱን እንዳትፈርም። ኃላፊው ራሱ ቤትህ ድረስ መጥቶ ቢለማመጥህ እንኳ እንዳትፈርም። ተስፋ የሰጠሁህ እኔ ነኝና በእኔ ተቀየም።

ከእንግዲህ ወደ ሥራ ቦታ አትደውል፤ በቤት ስልክ ታገኘኛለህ። የላቦራቶሪውን ቁልፍ ትናንት አስረክቤያለሁ። አታስብ፣ ወገቤም እረፍት ይፈልግ ነበር።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ። እዚያ ላይ የምታያት ከፍ ዝቅ የምትል ቀጭን መስመር ፍሪጅ አይደለችም። አንተ ነህ።

ያቺን መስመር አምላክ ያጽናልኝ።

ታላቅ እህትህ፣
ሳህን አጣቢዋ