ደፉ ላይ የቀረው ጥላህ

ሲሳዬ፣

«ይድረስ» ብዬ ልጀምር አስቤ ተውኩት፤ በየት በኩል ሊደርስህ። እንደ ድሮው ዝም ብዬ ላውራህ፤ አንተም እንደ ድሮው ፊልምህን እያገላበጥክ በግማሽ ጆሮህ ስማኝ። ሰኔ ሲያልቅ ነበር የወጣኸው፤ ይኸው ግንቦት እያለቀ ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። የምነግርህ ነገር ስላለ፣ እሱንም ስላፈርኩበት ነው። ዛሬ ግን ልናገረው ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እናትህ እማማ ጥሩ ከሙጃ መጥተው ከኔ ጋር ይኖራሉ። ፊልም የምታጥብባት ጨለማ ክፍልህ መኝታቸው ሆናለች። መስኮቱ ላይ የደረብከውን ጥቁር ጨርቅ ገና በመጡበት ቀን ገንጥለው ጣሉት፤ ልጄ በምን ኃጢአቱ ነው በጨለማ ሲሠራ የኖረው ብለው እኔን ተቆጡ። ጨርቁን አጥበው አሁን ራሳቸውን ያስሩበታል። በሩ ፊት ያለችው ወይራ ቅርንጫፏ ወርዶ መንገድ ዘግቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቁረጫት ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ያቺ ቅርንጫፍ የሲሳይ ናት እያልኩ እከራከራለሁ። በዚያች ቅርንጫፍ ሥር ስንቱን ሰው እንዳቆምክ እነሱ ምን ያውቃሉ። የተናደው መንገድም ተጠገነ። መኪና እስከ ከተማው ይመጣል። ሰው ደስ ብሎት ሲያወራ እኔ ለምን አምና አልተጠገነም እያልኩ ከሁሉ ጋር እጣላለሁ።

አንተ የማታውቀውን ደግሞ ልንገርህ። የፎቶ ወረቀትና የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ገዝተህ ከወልድያ ስትመለስ መኪናው ገደል እንደገባ የሰማነው በአምስተኛው ቀን ነው። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ሊያመጡህ አልቻሉም፤ እዚያው ተቀበርክ። በኛ አገር ሬሳው ያልመጣለት ሰው ልቅሶው ላይ ልብሱና ፎቶው ይወጣለት የለ? ኮትህ ወጣ። ካሜራህ ከነሦስት እግሩ ወጣ። ፎቶህ ግን የለም። አልቃሿ እጇን ዘርግታ ስትጠብቀኝ ባዶ እጄን ቆምኩ። የላስታን ሰው ግማሹን ያነሳ ፎቶ አንሺ ለራሱ አንድ ፎቶ የለውም! መታወቂያህ ላይ የነበረችው ቦርሳህ ውስጥ ሆና ገደል ገብታለች። የሠርጋችንንም ያነሳኸው አንተው ነህ፤ እኔ ብቻዬን እንደ ቆሞ ቀር በር ላይ ተገትሬ አለሁ። ቆይ እኔም ልግባ ብለህ እየሮጥክ ስትመጣ ካሜራው ቀድሞህ ቀጭ እንዳለ ታስታውሳለህ? ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አልቃሿ ፊት ቆሜ ሳስታውሰው ግን ሳቁ ሁሉ እሬት ሆነብኝ።

እማማ አላለቀሱም። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እሳቸው ኮትህን ጭናቸው ላይ አጠፉት። ልጄን ሳላየው አላለቅስም፤ ኮትማ ገበያም ላይ አለ አሉ። ነፍስህ ስትወጣ አላዩህም፣ ሲቀብሩህ አላዩህም፣ እና እንባቸው በምን ይውጣ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ዛሬስ ተገኘ ወይ ይሉኛል። እህል አይወርድላቸውም፤ እጃቸው እንደ ጭራሮ ደረቀ። ልጃቸውን ሳያለቅሱ እንዳይሞቱብኝ ፈራሁ። ነጋቲቮችህን አንድ በአንድ መስኮት ላይ እያነሳሁ ፊትህን ስፈልግ ከረምኩ። ቄሱ አሉ፣ በቅሎው አለ፣ የብልባላ ሙሽሮች አሉ። አንተ የለህም።

ታዲያ ነጋቲቭ ሳገላብጥ ስንቱ ትዝ አለኝ መሰለህ። በተጋባን በሦስተኛው ወር ይምርሐነ ክርስቶስ ይዘኸኝ የሄድክበትን ቀን አስታወስኩ። ያን ሁሉ ጥድ አቋርጠን፣ እግሬ ተልጦ፣ ዋሻው ውስጥ ገብተን ልሳለም ስል፣ መጀመሪያ ዘወር በይና የመጣሽበትን እይ አልከኝ። ዞርኩ። የዋሻው አፍ ጥቁር ሆኖ ዙሪያውን ከቦ፣ መሐሉ ላይ ጥዱና አንድ በትር የያዙ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ። የመጣሁበት መንገድ እንዲያ የሚያምር መሆኑን ስሄድበት አላወቅሁም ነበር። ዓይን ሜዳ ላይ ሲለቁት ይባዝናል፣ በር ሲሰጡት ይገባል አልከኝ። ከዚያ በኋላ ከአንተ ጋር መንገድ መሄድ ፈተና ሆነ። ድንጋዩ ተሰንጥቆ ባየህበት ሁሉ ትቆማለህ። ከድንጋይ የተፈለፈሉት ቤተ ክርስቲያኖች መተላለፊያ ጨለማ ውስጥ ቆመህ፣ ከወዲያ ጫፍ ያለችው ብርሃን ላይ ሰው እስኪመጣ ግማሽ ቀን ትጠብቃለህ። ምሳው በረደ ስልህ፣ በሩ ተዘጋጅቷል፣ የሚገባበት ሰው ነው የቀረው ትለኛለህ። ብርሃኑን ለሰውየው ፊት ለካ፣ ድንጋዩ ይጥቆር ተወው፣ ወደ ድንጋዩ ተጠጋ እያልክ ለራስህ ታወራለህ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሳልፈልግ በቃሌ ይዤዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር። ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ስታነሳ ጥላህ ከፊትህ ይወድቃል፤ አንተም አትሸሸውም። የሰውየው እግር ሥር፣ የበሩ ደፍ ላይ፣ ባርኔጣህ ተጋድሞ ይታያል። ሌላው ፎቶ አንሺ የሚያፍርበትን አንተ ምነው ወደድከው ብዬ ጨቀጨቅኩህ። ደጅ የቆመ ሰው የጠራው አለ፤ ብቻውን አይቆምም አልከኝ። እኔ ስንፍናህን በቅኔ አትሸፍን ብዬ ሳቅሁብህ።

እንግዲህ ወደሚያሳፍረኝ ደረስኩ።

የቀበሌው መታወቂያ ይሠራ በተባለበት ጊዜ ሰውን ሁሉ በራችን ላይ ነጭ አቡጀዲ ሰቅለህ አነሳህ። አቡጀዲው ግን በሩን አልሸፈነውም፤ አልሸፍንም ብለህ ነው። አያትህ ጉበኑ ላይ የቀረጹት መስቀል በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ ጉብ አለ። ሊቀመንበሩ ፎቶዎቹን በሙሉ መለሳቸው። ይህ የአብዮቱ መታወቂያ ነው ወይስ የጥምቀት ማስታወሻ ብሎ ጠራህ፤ አንተም ገብተህ እስክትወጣ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ የማላውቀው ታቦት የለም፣ ለሁሉም ተሳልኩ። ያኔ ሰው ለዚህ ለማይረባ ነገር ተጠርቶ ሳይመለስ ይቀር አልነበር? አንተ ወጣህና መስቀሉን ተዉትና ሰውየውን ብቻ ውሰዱት ብያቸዋለሁ ብለህ ልታስቀኝ ሞከርክ። እኔ ግን ያን ቀን መቀስ አነሳሁ።

መጀመሪያ የመታወቂያዎቹን ብቻ ነበር። መስቀሉን ከላይ፣ ደፉን ከታች፣ መቃኑን ከግራና ከቀኝ ቆርጬ ፊት ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ እጄ ለመደ። ሰዉም ወደደልኝ፤ ፊቴን አንሱኝ አልኩ እንጂ ድንጋይ አንሱልኝ መች አልኩ የሚለው ብዙ ነበር። አንተ አጥበህ ስታደርቅ፣ እኔ ለባለቤቱ ከመስጠቴ በፊት እቆርጣለሁ። ጦር ሜዳ የሚሄዱት ልጆች ሲመጡ ደግሞ አንተ እቤታቸው ድረስ ሄደህ በእናታቸው በር ውስጥ አቁመህ ታነሳቸው ነበር። እነሱንም ቆረጥኳቸው። በኋላ የማይመለሱት ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ እናቶቻቸው ልቅሶ ላይ ይዘው የወጡት እኔ የቆረጥኩትን ነው። ቤት የሌለው ፊት።

አንድ ቀን ደረስክብኝ። ትጮህብኛለህ ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መቀሱን ከእጄ ወስደህ ገበታው ላይ አስቀመጥክና፣ ቤቱን አፍርሰሽ ሰውየውን ሜዳ ላይ ጣልሽው አልከኝ። ከዚያ እራት አልበላህም። ፈርቼ ነው፣ አንተን እንዳልነጠቅ ብዬ ነው ማለት ነበረብኝ። እልኸኛ ነኝና አላልኩም። በማግስቱ መቁረጡን ተውኩ፤ አንተም ዳግመኛ አላነሳኸውም። ስለዚህ ምክንያቱን ሳትሰማ ነው የሄድከው። ይኸው አሁን ስማው፤ ፈርቼ ነው ሲሳዬ። ላንተ ፈርቼ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርህ።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ለሙት ዓመትህ ኮትህን እንጠግነው አሉ። ቁልፍ ተበጥሶበት ነበር። የስፌት ክር ያለባትን ቆርቆሮ ሰጠኋቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ወረቀት ጥዬ አላውቅም፤ የፎቶውን ቁራጭ ሁሉ ክር ስጠቀልልበት ነው የኖርኩት። እማማ በር ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ ተቀምጠው ጥቁሩን ክር መተርተር ጀመሩ። ክሩ አለቀ። የት እንዳደረሱት ለማየት ብመጣ ቁራጯን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የሰው እግር፣ የበር ደፍ፣ ደፉ ላይ የተጋደመ ጥላ። ባርኔጣው አለ። ግራ ትከሻው ዘመም ብሏል።

ይቺ ትከሻ የኔ ናት አሉ። በሰባት ዓመቱ ከሾላ ላይ ወድቆ ወጌሻው አጣሞ ያሰረበት ናት፤ አርባ ቀን በቅቤ ያሸሁት እኔ ነኝ፣ ለማን አባቱ ብዬ እስታታለሁ አሉ። ከዚያ አለቀሱ። አሥራ አንድ ወር የተጠራቀመውን ሁሉ አለቀሱት፤ ጎረቤት አጥር ዘሎ እስኪመጣ ድረስ። እኔ አብሬያቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ስለ መቀሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ራሴን ወደ ጉያቸው ሳብ አድርገው፣ አንቺ ባትቆርጪው ለሰው ተሰጥቶ ሄዶ ነበር፤ ልጄን በክር ጠቅልለሽ ያቆየሽልኝ አንቺ ነሽ አሉኝ። እኔ ይህ ምሕረት የሚገባኝ አይመስለኝም፤ ግን ተቀበልኩት።

ያን ቀን ክሩን በሙሉ ተረተርነው። ነጩን፣ ቀዩን፣ ጥቁሩን፤ ቤቱ የክር ጎጆ ሆነ። በአሥራ አራት ቁራጭ ላይ አገኘንህ። አንዱ ላይ እጅህን ወደ ላይ አንስተሃል፤ ቀና በሉ ስትል መሆን አለበት። ወደ ነጋቲቮቹ ተመልሼ ሳይ ሁሉም ላይ ነበርክ። ነጋቲቭ ላይ ጥላ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው፤ እኔ ፊት ስፈልግ ያንን ነጭ የፊልም እድፍ መስሎኝ ስንቴ አልፌህ እንደሄድኩ። ያስተማርከኝን ልብ ብዬ ቢሆን ጠርዙን አይ ነበር።

ለሙት ዓመትህ እጅህን ያነሳህበትን ቁራጭ እማማ ራሳቸው ይዘው ይወጣሉ። ሰው ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ፎቶ ነው ቢል መልሱን እሳቸው አዘጋጅተዋል፤ ላንተ እንኳ አይነገርም፣ ምላሳቸውን ታውቀዋለህ። አሁን እህል ቀምሰው ያድራሉ። የጠዋት ጥያቄያቸውም ቀርቷል።

እኔም ቃል ልግባልህ። መቀሱን ለጨርቅ እንጂ ለፎቶ አላነሳውም። የልጆቻቸውን ፊት ብቻ የሰጠኋቸውን እናቶች እየዞርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ወረቀትና መድኃኒት በተገኘ ጊዜ ነጋቲቮቹን አትሜ ልጆቻቸውን ከነ በራቸው እመልስላቸዋለሁ። አልረሳህም ማለት ለኔ ይህ ነው፤ ሌላ አላውቅበትም።

ካሜራህ ውስጥ ያላነሳሃቸው ሦስት ፎቶዎች ቀርተው ነበር። ዛሬ ጠዋት አንዷን አነሳሁ። እማማን በራችን ውስጥ አቆምኳቸው፤ ከላይ የአያትህ መስቀል፣ በጎን የወይራዋ ቅርንጫፍ። ኮትህን ለብሰዋል። ፀሐይዋን ከጀርባዬ አደረግሁና ዝቅ ብዬ ሳይ ጥላዬ ሄዶ እግራቸው ሥር፣ አንተ ስትጋደምበት በኖርክበት ደፍ ላይ ወድቋል። ዘወር ልል ነበር። ከዚያ ተውኩትና፣ እማማ፣ ቀና ይበሉ ብዬ ጠራኋቸው።