ቅቤ የጠጣው ወጨፎ

አባባዬ፣

ሃላሌ ካለው ደጃፍህ ተነስተን ከሸኘንህ እነሆ ዓመት ሆነ። ያኔ ጉልበቴ ላይ የነበረው በቆሎ ተሸልቅቆ ተበልቷል፤ አዲሱ ደግሞ ይኸው ጉልበቴ ላይ ደርሷል። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለንበት ጫጫታ አንጻር የተሻለው ቦታ ያንተ ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፣ ሰሞኑን እህል አልበላ ብሎኛል። ሐዘን ነው ብልህ ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ። ሐዘን አይደለም፣ ሽታ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ሶዶ ከተማ ደህና ናት፤ ስምህ ሲነሳ አሁንም ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ልጅህ ጴጥሮስ፣ የእኔ የተከበረው አጎት፣ በረንዳህን ሲሚንቶ አስደርጎታል፤ ባለሙያ አልጠራም ብሎ ራሱ ስለሠራው ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ወደ ደጅ ሳይሆን ወደ ሳሎን ይወርዳል። «አቀማመጡ ነው» ይላል። የምን አቀማመጥ እንደሆነ ጠይቄው ተቆጣኝ።

አሁን ወደ ሽታው። የቀብርህ ዕለት የአደን ጓደኛህ ጋሽ ባንጫ ወጨፎህን ከግድግዳ አውርዶ፣ አንተ አዘጋጅተህ በተውካቸው ጥይቶች ወደ ሰማይ ተኮሰልህ። እውነት ለመናገር አምሮብህ ነበር። ነጩ ጭስ ለቀስተኛውን ሁሉ ዋጠው፤ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው የጥቁር ባሩድ ሽታ መጣ፤ ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔ ግን ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ማንቆርቆሪያ ነው የፈለግኩት። እንባዬን ጠርጌ ሙቅ ውሃ ላምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ ባንጫ «ጠመንጃ ሕፃን ነው እንዴ ገላውን የምናጥበው?» አለና በገዛ ለቅሶህ ላይ ሰው አሳቀብኝ።

ከዚያ ቅቤ ቀቡት። አዎ፣ ቅቤ። ለክብር ሰው አናት ላይ የሚደረገውን ለጋ ቅቤ። ሰደፉን ብቻ ቀብተው ቢተዉት እሺ ባልኩ። አጎቴ ግን በጣቱ እየዛቀ አፈሙዙ ውስጥ ጠቀጠቀው። አንተ አረሮችህን ሰምና ሞራ ስትቀባ አይቷላ! ጠመንጃ ቅባት ይወዳል ብሎ ደመደመ። በጋቢህ ጠቅልለው መልሰው ሰቀሉት፣ ዓመቱን ሙሉም ማንም አልነካውም።

ባለፈው ቅዳሜ ለሙት ዓመትህ ሲያወርዱት አብሬ ነበርኩ። ጋቢው ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ሲላቀቅ የወጣውን ሽታ በምን ልግለጽልህ? የሻገተ ቅቤ፣ የዝገት ውሃ፣ የአይጥ ሽንት። ቅቤው አረንጓዴ ሆኗል፤ ፀጉር የመሰለ ነገር አብቅሏል። በረሮ ከምላጩ ሥር ወጥቶ በአጎቴ እጅጌ ገባ። እኔ ደጅ ወጥቼ አስመለሰኝ። ስመለስ ጋሽ ባንጫ ብረቱን እያሻሸ «አየህ፣ ቅቤው ጠብቆታል!» ይላል። ይሄንን የሚሉት ደግሞ እኛን ስልክ ስንነካካ «ዕቃ አያያዝ አታውቁም» የሚሉን ሰዎች ናቸው።

ይሄን ሁሉ አፍንጫዬን ይዤ ባለፍኩት ነበር። ግን ያንተ ባሩድ አልቋል፤ አጎቴ ደግሞ የክላሽ ጥይት ከየትም አምጥቶ፣ እየፈለፈለ ባሩዱን ሳህን ላይ ሲያጠራቅም አየሁት። በዚያ ሞልተው፣ በዚያ በተደፈነ አፈሙዝ ሊተኩሱልህ ነው። በል እንግዲህ፣ እዚህ ላይ አፍንጫዬን ለቅቄ አፌን ከፈትኩ።

ክረምት ክረምት አንተ ጋ ስመጣ የነገርከኝን እስካሁን አልረሳሁም። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣውን እርሳስ በዚያች ጥቁር ድስት ስታቀልጥ «ጭሱ እንዳያገኝሽ፣ ከነፋሱ ወዲህ ቁሚ» ትለኝ ነበር። የቀለጠውን የአረሩ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሰህ ሲቀዘቅዝ አረሩ እንደ አዲስ ሳንቲም እያበራ መዳፍህ ላይ ይወድቃል። የተሸበሸበ ከሆነ ወደ ድስቱ ትመልሰዋለህ፤ አንድም ቀን «ይሁን» ብለህ አታውቅም። ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ስበህ ጥይት የምታጎርሰውን ሆዱን ትከፍትና ትነግረኛለህ፦ ይሄ ጠመንጃ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚገፋውን ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው የሚችለው፤ የዘመኑን ባሩድ የሰጠው ሰው ፊቱን አብሮ ይሰጣል። በቆሎው ውስጥ የገባ ዝንጀሮ ላይ ተኩሰህ፣ ሁልጊዜ ስተህ፣ ሁልጊዜ «ላስደነግጠው ብዬ ነው» ትል ነበር። እኔም እሺ እል ነበር።

ይሄን ለአጎቴ ነገርኩት። «ፈተናሽን አጥኚ» አለኝ። ለጋሽ ባንጫ ነገርኩት። እጀታውን ስቤ ከፍቼ በደህናው ዓይኑ አፈሙዙን እንዲያይ አደረግኩ፤ ግራው ከወጣትነቱ ጀምሮ እንደማያይ ታውቃለህ። አየና ምንም ብርሃን እንደሌለ አመነ። ከዚያ «ጥይቱ ሲወጣ ራሱ ይጠርገዋል» አለኝ። አባባ፣ ሞት ይሙት፣ እንዲህ ነው ያለኝ።

ሙት ዓመትህ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሁሉ ደጅ ወንበር ይዘው ተቀምጠው ሳለ በሰው ፊት ደገምኩት። አባባ ከተኮሰ በኋላ ሁልጊዜ በሙቅ ውሃ ያጥበው ነበር አልኩ። ጋሽ ባንጫ ሳቀብኝ። «እኛ ዕድሜያችንን አብረነው ስናድን ያላየነውን አንቺ የት አየሽ?»

የት እንዳየሁ አንተ ታውቃለህ። ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ የሟቿን አያቴን ሽርጥ ታጥቀህ፣ ኦሞ በጥብጠህ። ማጠብ የሴት ሥራ ነው ስለሚባል ወንዶቹ ሳይሄዱ አትጀምርም፤ እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ በር በሩን አያለሁ። በማግስቱ ጠመንጃህ ለምን እንደሚያበራ ሲጠይቁህ «ጠመንጃ ጌታውን ያውቃል» ትላቸው ነበር። እኔም አብሬህ እስቅ ነበር። ለማንም እንዳልናገር ነግረኸኝ ነበር።

ዝም ብል አንዱ ፊቱን ያጣል። ብናገር አንተን ባከበሩህ ቀን አንተን አዋርዳለሁ። ሳህኑ ላይ ያለውን ባሩድ አየሁ፣ የአጎቴን ያንን ደደብ የሚወደድ ፊት አየሁ፤ ተናገርኩ። ሽርጡንም፣ ኦሞውንም፣ እንሰቱንም። ተናግሬ ሳልጨርስ ማንቆርቆሪያውን አምጥቼ ሙቅ ውሃውን አፈሙዙ ውስጥ ለቀቅኩት።

መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ተንደቀደቀና ሁሉም ባንድ ጊዜ ወጣ። ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ቅቤ፣ ጭራሮ፣ የጋቢ ክር፣ አንድ የደረቀ የአይጥ ግልገል ከነጭራው። ግማሹ የጋሽ ባንጫ አዲስ ጫማ ላይ አረፈ። በሰልፍ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አፍንጫቸውን ይዘው ሲነሱ ወንበር ሁሉ ተገለበጠ። ውሃው ሲጠራ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሬ ውስጡን አሳየኋቸው፤ ብረቱ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበሳስቷል፣ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለ። አጎቴ ሳህኑን አንስቶ ገባ።

ጋሽ ባንጫ ግን ጫማውን አላየም። እንደሚስቅብህ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «የእኔ ጠመንጃ ፈንድቶ ይሄ ዓይኔ ሲጠፋ፣ ያኔም የራሱን ያጥብ ነበር?»

አላወቅኩም። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ግን ጠመንጃህ ያኔም ያበራ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ምን ልበለው አባባ? ጓደኛህ የእሱ ጠመንጃ የሚዝገው ወንድነት ስላነሰው እየመሰለው ሲኖር፣ አንተ ሽርጥህን ደብቀህ ትስቅበት ነበር? የቅቤው ሽታ ከእጄ በሎሚ ለቋል። ይሄኛው አለቀቀኝም። እነሱን ስጸየፍ ከርሜ አንተ ጋ ስደርስ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

ሙት ዓመትህ ያለ ተኩስ አለፈ። ሰው ከበላ በኋላ ጋሽ ባንጫ ስለ አንተ እንዲናገር ተራው ደረሰ። ቆመ። እንደለመደው «ጀግና...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ከዚያ «ጓደኛዬ ነበር» አለና ተቀመጠ።

እኔ አልረሳህም። አዳኝ ነበር፣ ተኳሽ ነበር እያሉ የሚያወሩለትን ሰው እነሱ ያስታውሱት። ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ከእኔ የሚሰማው ሁለቱንም ነው፤ ያጠብከውንም፣ ዝም ያልከውንም። አንዱን ከተውኩት የማስታውሰው ሌላ ሰው ነው የሚሆነው፤ እኔ ደግሞ የናፈቅኩት አንተን ነው።

የልጅህ ልጅ