አሮጌው ዴክ የሚያሳየን

ለምወድህ ወንድሜ ለረዑፍ፣

ከአንገት በላይ ያልሆነ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህንስ ተሻለህ? የሊዮን ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ እህሏን ትበላለች፣ ከእኔም ጋር ትጨቃጨቃለች።

በስልክ «የላክሁላችሁን አዲስ ዴክ እስካሁን ለምን አልሰካችሁትም?» ብለህ ስትቆጣ ምክንያቱን ያልነገርኩህ እናታችን አጠገቤ ስለነበረች ነው። አሁን ጎረቤት ሄዳለችና ነገሩን እንደሆነው ልጻፍልህ።

የአባታችን ጀልባ ባሕር ላይ ባዶዋን ከተገኘች ወዲህ እናታችን ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ የሰርግህን ሲዲ እንደምታይ ታውቃለህ። መቃብር የለው፣ የምትጎበኘው እዚያ ነው። ካለፈው ረመዳን ጀምሮ ግን አሮጌው ዴክ አንድ ቦታ ላይ ይይዝ ጀመር። አባታችን ኩስኩስ የተሞላውን የምግብ ትሪ ተሸክሞ በግቢያችን በር ሲገባ ምስሉ ቀጥ ይላል። ጠጋኙ ሂሺም ዘንድ ብወስደው «ሲዲ የሚያነብበት ዓይኑ ደክሟል፣ ሲዲውም ተጫጭሯል፤ ዴኩን መቀየር ነው» አለኝ።

ግን ረዑፍ፣ ሲቆም የሚታየው ነገር ይለወጥ ነበር። መጀመሪያ ጎኑን ሰጥቶን ነበር የሚቆመው። ሰነባብቶ ፊቱን ወደ እኛ መለስ አደረገ። ከዚያ ደግሞ ትሪው ከእጁ የለም፤ ቀኝ እጁ ሰው እንደሚጠራ ከፍ ብሏል። ዓይኔ ይሆናል ብዬ ጎረቤታችንን እትዬ ሳሉሓን ጠራኋቸው። «የእናንተ ቴሌቪዥን ከባሌ ይሻላል፣ ይሄስ የሚቆምበትን ያውቃል» እያሉ ገቡ። ምስሉ ሲቆም ሳቃቸው ጠፋ። «ማንን ነው የሚጠራው?» አሉ ቀስ ብለው፤ ሻያቸውንም ሳይጠጡ ወጡ።

እናታችን «እኔን ነዋ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር በሰርግህ ቀን የለበሰችውን ቀሚስ መልበስ፣ እጇን ሂና መቀባት አመጣች። ከልብሶቿ ለእኔ የሚሆኑትን ለይታ አጣጠፈች። አንድ ቀን ከሰዓት ከቤት ሳጣት ወደ ዳርቻው ሮጥኩ። ቀሚሷን ሰብስባ ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ቆማለች። «ጨዋማ ውሃ ለጉልበት ጥሩ ነው» አለችኝ። በዚያ ብርድ።

ያን ጊዜ ነው ያንተን ዴክ ከካርቶኑ አውጥቼ የሰካሁት። ሲዲው ሳይደናቀፍ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አባታችን ትሪውን ተሸክሞ በበሩ ገባ፣ በእናንተ በሙሽሮቹ በኩል አለፈ፣ ሄደ። አልዞረም። እጁን አላነሳም። ወደ ካሜራው አንድ ጊዜ እንኳ አላየም።

«አየሽ እማ፣ ማንንም አልጠራም» አልኳት።

«ይሄ የሚያሳየኝ ሰርጉን ብቻ ነው» አለች። «ያኛውን መልሺልኝ።»

አሻፈረኝ አልኩ። ተኳረፍን። እህል ስትተው ግን አልቻልኩም፤ አሮጌውን መልሼ ሰካሁት።

ባለፈው ዓርብ አብሬያት ተቀመጥኩ። ምስሉ ቆመ። ፊቱ ቴሌቪዥኑን ሞልቶታል፣ አፉ ሊናገር ከፈት ብሏል፣ ጢሙ እርጥብ ነው። በሰርግህ ቀን ዝናብ እንዳልነበረ አንተም ታስታውሳለህ። እንዳትነሳብኝ እጇን ጨብጬ ያዝኩ። እሷ ግን አምሽቶ የገባ ባል እንደምትቆጣ አድርጋ ተናገረችው።

«ሙንጂ፣ ይህቺን ልጅ ብቻዋን ጥዬ የት ልምጣልህ? አንተስ ስትሄድ መቼ ነገርከኝ? ቀኔ ሲደርስ ሳትጠራኝ እመጣለሁ። አሁን ሂድ፣ አትቁምብኝ።»

እጇን ከእጄ አስለቅቃ ተነሳችና የዴኩን ሶኬት ነቀለችው። ዴኩ ጠፍቶም ምስሉ ትንሽ ቆየ። እጁ ቀስ ብሎ ሲወርድ ያየሁ መሰለኝ፤ ከዚያ ጠቆረ። እናታችን ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ባሕር ከወሰደው ወዲህ እንዲያ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ አሮጌውን ሂሺም ለመለዋወጫ ወሰደው። ያንተን ሰክተነዋል፣ ምስሉ የጠራ ነው፣ አላህ ይስጥህ። እናታችን አሁን የግብፅ ድራማ ታይበታለች፤ የሰርጉን ሲዲ አላነሳችም። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ሲዲው ሲቀዳ ሁለት ነበር፤ አንዱ አንተ ጋ አለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ እባክህ ተመልከተው። አባታችን በበሩ ገብቶ ካለፈ «አለፈ» ብለህ ጻፍልኝ፤ ልቤ ይረፍ። ከቆመ ግን አትጻፍልኝ። እናታችን ያለችውን ደግመህ በለውና ሶኬቱን ንቀል።

ለባለቤትህ ለዋሂባ፣ ለያሲንና ለትንሿ ኢንሳፍ ጉንጫቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ። እትዬ ሳሉሓም ሰላም ብለውሃል። እናታችን ዓይንህን ትስማለች፤ ከጀልባ ራቅ በል ትልሃለች።

እህትህ ነጂባ

አል-አጣያ፣ ቀርቀና ደሴት
ኖቬምበር 20 ቀን 2012