በሥዕሏ ጥግ ያለው ስንጥቅ

አባባ፣ ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እንደምን አሉ? ወገብዎ ተሻለው? ጎንበስ ብለው እንጨት መላግ ቻሉ ወይስ አሁንም ተቀምጠው ነው የሚሠሩት? መነጽሩንስ ግንባርዎ ላይ ሰቅለው መፈለግ ተዉ? የእማማ ሳል ለቀቃት? እኔ አካሌ ደኅና ነው፤ ልቤ ግን ከቦታው የለም።

ዩኒቨርሲቲው ያሰባሰባቸውን ሥዕሎች ከሚጠብቁት አንዷ መሆኔን ያውቃሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባሉት ሁለት ክፍሎች ለሕዝብ እናሳያለን፤ ሌሎች ሙዚየሞች ሲጠይቁንም እናውሳለን። አንድ ሥዕል ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ጭረት በባትሪ ፈልጎ ካርድ ላይ መመዝገብ የእኔ ሥራ ነው። ሥዕሉ ሲመለስ ዳኛው ያ ካርድ ነው፤ ካርዱ ላይ የሌለ ጉዳት ሁሉ የተዋሰው ሰው ጥፋት ይሆናል።

ከአራት ወር በፊት፣ ሳንቃ ላይ የተሳለችውን ልብስ የምታሰጣ ሴት ለሌላ ከተማ ሙዚየም አዋስን። ከዚያ ሊወስዳት የመጣው፣ ሥዕል በሣጥን የሚያሽገው ሽማግሌ «ሙሽራችሁን ይዤ ሄድኩ፤ አታልቅሱ» እያለ አሳቀን። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ እኔም ቸኩዬ ካለፈው ዓመት ካርድ «እንከን የላትም» የሚለውን ገልብጬ ፈረምኩ። ሥዕሏን አላየኋትም፣ አባባ።

ሰኞ ተመልሳ ሣጥኑ እኛ ዘንድ ሲከፈት ከታችኛው ጥግ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተገኘ። ሽማግሌው ደወለልኝ። «ልጄ፣ ጡረታ ልወጣ አምስት ወር ነው የቀረኝ። እስኪ በደንብ አስታውሺ፤ ስትሰጪኝ ደኅና ነበረች?» አለኝ። ምላሴ ከልቤ ቀደመና «ደኅና ነበረች» አልኩት። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብሎ ዘጋው።

ትናንት ተማሪዎች ባለፈው ኤግዚቢሽናችን ያነሷቸውን ፎቶዎች ሳገላብጥ ስንጥቁን እዚያው ጥግ ላይ አገኘሁት። ከመሄዷ በፊትም ነበረባት። ስንጥቁን ከፎቶው ላይ ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እርስዎ ወንበር ሲሸጡ የእንጨቱን ጉጥ ራስዎ በጣትዎ ያሳዩ ነበር። እማማ «አንተ ሰውዬ፣ ገዢውን በገዛ አፍህ አባረርከው!» ስትልዎ፣ «ቤቱ ገብቶ ሲያገኘውማ ወንበሩን ሳይሆን እኔን ነው የሚጥለኝ» ይሏት ነበር።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ለሽማግሌው ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ «አንቺስ ምን ትሆኚ?» አለኝ። ከስድቡ ይልቅ ያ አስፈራኝ። ከዚያ ፎቶውን ለአለቃዬ ሰጠሁ። ይዛው ወደ ኃላፊዎቹ ገባች፤ ሰዓት አለፋት። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልዎ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነውና ይታገሱኝ። ካባረሩኝ መላጊያ ለምታቀብልዎ ልጅ አጠገብዎ ቦታ ይኖራል?

እማማን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ፤ ይህን ግን አያንብቡላት። ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ፣ ያንን እንቅልፋም ወንድሜን፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ። ለልብስ ሰፊው…

በሩ ተከፈተ፣ አባባ። በእጃቸው እየጠሩኝ ነው።

«መጋዝ» የሚሏት ልጅዎ
ከኃላፊዎቹ ቢሮ ደጃፍ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ረፋድ ላይ