መጥሪያውን ራሷ ስላደረሰችው ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎ ይመችዎት፣ እንቅልፍዎ አይጓደል፣ የጣቢያዎ ሰላም ከየጓዳው በሚወጣ ጩኸት አይረበሽ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ፊደል ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምኩ ሴት ነኝ። የቤት ውስጥ ጥቃት ሕጉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እንዴት ያምራል! የምጽፍልዎ ግን ቅናት አላስቀምጥ ቢለኝ ነው።

1. በጎረቤቴ መኪና ስፖኪዮ ቀንቻለሁ። በተሰበረ በሰዓቱ ሁለት ፖሊሶችዎ ደርሰው ፎቶ አነሱት፤ ለሰባሪውም ቤቱ ድረስ ሄደው መጥሪያ ሰጡት። ልብሴን የምትሰፋልኝ ልጅ ባሏ ጥርሷን አውልቆባት ወደ ጣቢያዎ ስትመጣ ግን የሚላክ ሰው የለም፣ ቤቱንም አናውቀውም ተብላ መጥሪያውን ራሷ እንድታደርስለት ተሰጣት። ታዛዥ ናትና አደረሰች። እሱም አንብቦ ሲጨርስ መቀስ የምትይዝበትን እጇን በበሩ መሐል አድርጎ ዘጋው። ስለጣላችሁባት እምነት ከልብ አመሰግናለሁ።

2. በሕጉም ቀንቻለሁ። ቢሮዎ ባለው ባለመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ በየጠዋቱ እየተወለወለ፣ የማንም እጅ ሳይነካው ይኖራል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ለየትኛዋ ሚስት ደረሳት?

3. ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። በልብስ ሰፊዋም እቀናለሁ። ታናሽ እህቴ ፊቷ አባብጦ የመጣች ቀን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም፤ ያለኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ቻይው ብዬ፣ ፊቷን አጥቤ፣ ክንዷን ይዤ ለባሏ መለስኳት። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርኳት። ስለዚህ ተበዳይን ለበዳይዋ አስረክቦ በሰላም ወደ ሥራ መመለስ እንዴት እንደሚቻል ቢያስተምሩኝ ውለታዎን አልረሳም፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ልጅቱ አሁን እኔ ዘንድ ናት። ትናንት ደግሞ ሁለተኛ መጥሪያ በደህናው እጇ አስይዛችሁ ልካችኋታል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሼልዎታለሁ። ይችን አላስረክብም።

ለትዕግሥትዎ ወሰን የለሽ አድናቆቴን እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

ቀናተኛዋ ነዋሪ

የተረሳ ነገር፦ ባልየው ዛሬ ጠዋት መጥቶ በር ሲደበድብ ነበር። ያለችበትን አድራሻ የሰጠነው ለእናንተ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከጣቢያ ጠይቆ እንደተነገረው በኩራት ገልጾልኛል። የእሱን ቤት ያላወቀ ጣቢያ የእኔን አሳምሮ ስላወቀው ደስ ብሎኛል። ለእሱ መንገዱን የጠቆመው ባልደረባዎ ለፖሊሶችዎም ቢጠቁማቸው መልካም ነው፤ ብቻ ቶሎ ይሁን፣ ከበሩ ማጠፊያዎች አንዱ ወልቋል።